አቶ ጓንጉል ያልሞቱበት ረቡዕ

በአጋም በር ከተማ አቶ ጓንጉል በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሞታሉ፤ ረቡዕና ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ። ክረምት ከበጋ፣ ጎብኚው አሥርም ይሁን ሁለት መቶ፣ አቶ ጓንጉል ቀርተው አያውቁም። ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት እንዲህ ሲሞቱ ኖረዋል።

መርዶውን የሚያሰማው ዘውገ ነው። ዘውገ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ሲሆን የሚነፋው ጡሩምባ የአባቱ ነበር። አባቱ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው በሞተ ቁጥር ጎህ ሲቀድ ተነስተው በየመንደሩ እየዞሩ ይነፉ ነበር፤ ሰውም ጡሩምባውን ሲሰማ ነጠላውን እየደረበ ይወጣ ነበር። አሁን ጡሩምባው የቅርስ ቁጥር አለው። በድሮው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሣጥኑ ረቡዕና ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ሲሆን ራሱን ይከፍታል፤ ጡሩምባው እስከ ሰባት ሰዓት ካልተመለሰ ይጮኻል።

የአጋም በር ሰዎች ወደ አዲሱ ሰፈር ከተዛወሩ ሰላሳ ዓመት አልፏል። አዲሱ ሰፈር ከኮረብታው ጀርባ ነው፤ አሥራ ሁለት ብሎኮች፣ ንጹሕ ኮሪደሮች፣ የማያቋርጥ ውኃ። ጠዋት ጠዋት ግን ሰዉ ወደ አሮጌው ከተማ ወርዶ ይኖራል፤ ማለትም ይሠራል። መግቢያው በር ላይ ከእጁ አንጓ የታሰረውን መልእክት መቀበያ ይፈታና ለዘበኛው ያስረክባል፤ ከዚያ ልብሱን ይቀይራል። የታጠበ ካኒቴራ፣ የላስቲክ ጫማ፣ ለሴቶቹ ቀሚስና ነጠላ። በሩን ሲያልፉ ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ነው። ሲወጡ ሁለት ሺህ ሰባ ስድስት ይሆናል።

ጎብኚው የሚያየው አያጣም። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተሰልፎ ቁጥር ይወስዳል፤ ተራው ሲደርስ ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይምጡ» ትለዋለች። ይህችን ለመስማት ከሩቅ አገር የሚመጣ አለ። ሦስት ባጃጆች አደባባዩን ይዞራሉ፤ ሞተራቸው ድምፅ ስለሌለው ጩኸቱ የሚወጣው ከመቀመጫው ሥር ከተገጠመ ድምፅ ማጉያ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል። ተመልሶ ሲበራ አብረው «መጣ» ብለው እንዲጮኹ ጎብኚዎቹ አስቀድመው ይለማመዳሉ።

ከሁሉ የሚወደደው ግን ለቅሶው ነው። ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ይደረደራል፣ ንፍሮ በወረቀት ኩባያ ይታደላል። መሐል ላይ የአቶ ጓንጉል ፎቶግራፍ ይቆማል። ፊቱ የማንም አይደለም፤ ከብዙ ፊቶች ተውጣጥቶ የተሠራ ነው። ሕይወታቸውን ግን የማያውቀው የለም። ቦራና ዳማ የሚባሉ ሁለት በሬዎች ነበሯቸው፤ ሰባት ልጆች ወልደዋል፤ ቤቱ የተቃጠለበትን ጎረቤታቸውን አንድ ክረምት ሙሉ አስጠግተዋል። ይህን ሁሉ በሙሾ የምታወርደው ደብሪቱ ነበረች። እሷ ካልጀመረች ማንም አይጀምርም። የመጀመሪያው ጩኸት የእሷ ነው፤ ሌላው ይቀበላል።

ከተቀባዮቹ ፊት የምትቀመጠው ስንዱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሁለተኛ ሆና ኖራለች። ለለቅሶ ነጠላ ይዘቀዘቃል፤ ስንዱ ሁልጊዜ ትረሳለች፤ ደብሪቱም ሁልጊዜ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ ጎንበስ ብላ «ስንዱ፣ ነጠላሽን። ሠርግ አይደለም የመጣሽው» ትላታለች። ስንዱ ጥርሷን ነክሳ ትዘቀዝቃለች። ጎብኚዎቹ ሁለቱ ሴቶች የሚጽናናኑ ይመስላቸዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ሥራው ካለቀ በኋላ ዘውገና ደብሪቱ ከድንኳኑ ጀርባ ተቀምጠው ጫማቸውን ይቀይሩ ነበር። ደብሪቱ ከሰሞኑ ያስላታል።

«ዛሬ ቦራን ረሳሁት» አለች። «ለዳማ ብቻ ነው ያለቀስኩት።»

«ማንም ልብ አላለም።»

«ስንዱ ብላለች። ዓይኗን አላየኸውም? እሱን ለመናገር ምሳዋን እንኳ ሳትበላ ቢሮ ገብታለች።»

ዘውገ ሳቀ። ደብሪቱ ሳሏን ጨርሳ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ዘውገ፣ እኔ ስሞት ማን ይነፋልኛል?»

«መልእክት ይላካላ፣ እንደ ሰዉ ሁሉ።»

«መልእክትማ ውኃ ሊቋረጥ ሲልም ይላካል።» የላስቲክ ጫማዋን ግራና ቀኝ ገጥማ አስቀመጠች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ላልተወለደ ሰው አልቅሻለሁ። እኔን አንድ ጊዜ በስሜ ብትጠራኝ ምን ይጎድልብሃል?»

«ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

«ደንቡን መች ጠየቅሁህ።»

ዘውገ ነገሩን ለማለፍ ያህል «እሺ ብያለሁ፣ ተነሽ አሁን» አላት። እሷም ተነሳች። ተያይዘው ወደ ብሎክ አራት ወጡ። በራቸው ፊት ለፊት ነው።

ረቡዕ ንጋት ላይ በሯ ገርበብ እንዳለ አየና ተጣራ። አልመለሰችም። ሲገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። አንድ እጇ ትራሱ ሥር ነው። እጇን አውጥቶ ከሌላው ጋር ገጠመው፤ ዓይኖቿን ከደነ። ከዚያ ወንበር ስቦ ትንሽ ተቀመጠ፤ ዝም ብሎ መውጣት ነውር መሰለው።

አንድ ሰዓት ላይ መልእክቱ በሁሉም እጅ ላይ ነዘረ። «ደብሪቱ አስፋ። ዕድሜ 71። ብሎክ 4። የቀብር ተሽከርካሪ 6:00። የቅርብ ዘመድ፦ አልተመዘገበም።» ሌላ ጊዜ ከሥሩ «እግዜር ያጥናችሁ» የሚል መስመር ይኖራል፤ ሰው በጣቱ ነካ ያደርገውና ለቅሶ መድረሱ በዚያ ያበቃል። ለደብሪቱ ግን መስመሩ አልወጣም። ልጅ አልነበራትም፤ ወንድሞቿ ቀድመዋታል። የሚጽናና ስለሌለ የሚነካ ነገር የለም። የሚነካ የሌለውን መልእክት ደግሞ ማንም አይከፍተውም። በዚያ ጠዋት ከስድስት መቶ ሰው የከፈተው አራት ሰው ብቻ ነበር።

ከአራቱ አንዷ የቅርሱ ኃላፊ ሕሊና ናት። ሕሊና ገና ሰላሳ ያልሞላት፣ ቅርስ አያያዝ የተማረች ልጅ ናት። ለሽማግሌ ሠራተኞች ወንበር ያስመጣችው፣ በዝናብ ቀን ጡሩምባ ነፊው ጃንጥላ እንዲይዝ ያስፈቀደችው እሷ ናት። ዘውገ ቢሮዋ ሲገባ ብድግ አለች።

«ሰማሁ ጋሼ። እግዜር ያጥናዎት።»

ይህን ቃል የነገረችው የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ነበረች። ዘውገ ሳይቀመጥ፣

«ዛሬ ለሷ ልንፋ» አለ።

ሕሊና ተቀመጠች። «ጋሽ ዘውገ፣ በቅርሱ ክልል ውስጥ እውነተኛ ሞት አይገባም። አንቀጽ አሥራ አንድ። እኔ አልጻፍኩትም።»

«ማን ጻፈው?»

«እንጃ። ስመጣ ነበረ።» እስክሪብቶዋን አዞረችው። «ስንዱ ትመራለች። እትዬ ደብሪቱ አሟት ቀረች ብያታለሁ። ማታ ሥራ ሲያበቃ ሁሉንም ሰብስቤ ራሴ እነግራቸዋለሁ። አሁን ብነግራቸው ማን ይሠራል? ዘጠና ሰው እየመጣ ነው።»

«ማታማ ተቀብራለች፣ ልጄ።»

ሕሊና ይህን አላጣችውም። ለዚህም ነው ወለሉን ያየችው።

«የተሰጠውን የትርዒት ጽሑፍ የቀየረ ሰው ምን እንደሚሆን ያውቃሉ» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «ፀጉር አስተካካዩን ያስታውሱት።»

ዘውገ ያስታውሰዋል። ሰውዬው አንድ ቀን ለጎብኚ «እኔ እንኳ የምቆረጠው አዲሱ ሰፈር ነው» ብሎ በሳምንቱ ተሰናበተ። አሁን ብሎክ ዘጠኝ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ጡሩምባ ነፊ ቢሰናበት ጡሩምባው አብሮት አይሰናበትም፤ ሌላ ሰው ይነፋዋል። ዘውገ የአባቱን ጡሩምባ የሚነካው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ይህችም ልትቀርበት ነው።

«እሺ፣ ገባኝ» ብሎ ወጣ።

ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ሲሆን ሣጥኑ ተከፈተ። ጡሩምባውን አነሳው፤ አፉን በእጅጌው ጠረገው። ጎብኚዎቹ በገበያው ዋርካ ሥር ተሰብስበው ይጠብቁታል። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ ነፋ። ከዚያ አፉን ያደረቀው ቃል መጣ።

«ያልሰማችሁ ስሙ፤ የሰማችሁ ላልሰማው ንገሩ። እህታችን ደብሪቱ አስፋ አርፋለች። ቀብሯ ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው።»

የጎብኚዎቹ ፊት አልተለወጠም፤ ለእነሱ ስም ስም ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ ግን ሳቁ።

«ጋሽ ዘውገ፣ ሰውዬውን ሴት አደረጓቸው» አለ አንደኛው በመስኮቱ ብቅ ብሎ።

«አርጅተዋል በቃ፣ ጓንጉልን ረሱት።»

«ተው፣ ደብሪቱ ብትሰማ ጉድ ይፈላል።»

ዘውገ መንገዱን ቀጠለ። ከቀበሌው እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ በየአሥር እርምጃው እየቆመ ነፋ፤ ስሟን ጠራ። በየደጁ የቆሙት ሠራተኞች እየተጠቃቀሱ ፈገግ ይላሉ። ጸሐፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀቷ ቀና አለች። ማንም አልደነገጠም። በዚህ ከተማ ጡሩምባ ሲነፋ ሰው የሚያስበው የፈረቃውን ሰዓት ነው።

ከወፍጮ ቤቱ ማዶ አንዲት የጭቃ ቤት አለች። በሯ ላይ «የነዋሪ ቤት፣ 2015» ይላል። ደብሪቱ የተወለደችው እዚያ ነው። ለጎብኚ አይነገርም እንጂ መንደርተኛው ያውቃል። የዘውገ አባት አንድ ልማድ ነበራቸው፤ በሟቹ ደጅ ሲደርሱ ጡሩምባውን ዝቅ ያደርጉና ድምፅ ሳያሰሙ ያልፋሉ። ቤቱ ያውቀዋልና መርዶ አያስፈልገውም። አቶ ጓንጉል ደጅ ስለሌላቸው ይህ ልማድ በጽሑፉ ውስጥ አልገባም። ዘውገም በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በዚያች ቤት ፊት እየነፋ ነው ያለፈው።

ያን ቀን ጡሩምባውን ዝቅ አደረገ። አንገቱን ደፋና ዝም ብሎ አለፈ።

የወፍጮ ቤቱ ይርዳው በሩን ተደግፎ ይህን አየ። ይርዳው ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ የዘውገን አባት በልጅነቱ ተከትሎ ዞሯል። መጀመሪያ ፈገግ እንዳለ ነበር። ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረና የሚያደርገው ጠፋው። ወደ ውስጥ ገብቶ ወፍጮውን አጠፋው። ቀኑን ሙሉ የሚንኳኳው የወፍጮ ድምፅ ሲቆም መንደሩ በሙሉ ዞር አለ።

«ምነው ይርዳው?» አለች ከጎረቤት ሱቅ የቆመችው።

«በደጇ ዝም ብሎ አለፈ» አላት። «የምር ነው።»

ወሬው ከዘውገ ቀድሞ ወደ ድንኳኑ ሮጠ። ስንዱ ግን አላመነችም። ያን ቀን ለመምራት ከቤቷ ሳትወጣ ጉሮሮዋን በማር አርሳ መጥታለች። ዘውገ ሲደርስ ድንኳኑ በር ላይ ወገቧን ይዛ ጠበቀችው።

«የት ደበቅሃት?» አለችው። «እኔ የምመራበትን ቀን ጠብቃ ነው አይደል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ፣ ዛሬ እንኳ ስሟ ካልተጠራ ሊቀርባት ነው?»

«ስንዱ፣ ሌሊት አርፋለች።»

«ተው ቀልድህን። አሟታል ነው የተባልኩት።»

«ዓይኗን የከደንኩት እኔ ነኝ።»

ስንዱ ሄዳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ሌላውም ተቀመጠ፤ ሠራተኛው በየቦታው፣ ዘጠናው ጎብኚ የተሰጠውን ነጠላ ለብሶ ከኋላ። ሕሊና በድንኳኑ ጥግ ቆማለች። ሰዉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደ ልማዱ የመጀመሪያውን ጩኸት ጠበቀ።

አልመጣም። የምትጀምረው እሷ ነበረች።

ንፍሮ የምታድለዋ ሴት ኩባያውን እንደያዘች ቆማለች። አንድ ጎብኚ «ተጀመረ?» ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀ። ይርዳው ተነስቶ ወደ መሐል ሄደ፤ የአቶ ጓንጉልን ፎቶግራፍ በሁለት እጁ አነሳ።

«ጓንጉል፣ ዛሬ ትንሽ ፈቀቅ በል» አለና አግዳሚው ሥር አስቀመጠው።

ባዶው ቦታ ቀረ። ሁሉም ወደ ስንዱ አየ። ስንዱ የምታውቀው ሙሾ ስለ ቦራና ስለ ዳማ ነው፤ ስለ ሰባቱ ልጆች፣ ስለተቃጠለው ቤት። ስለ ደብሪቱ አንድ ስንኝ አልነበራትም። ማንም አልነበረውም። አብረዋት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለቀሱ ሰዎች ስለ ጓንጉል በሬዎች የሚያውቁትን ያህል ስለ እሷ እንደማያውቁ በዚያች ሰዓት ገባቸው።

ስንዱ እጇን ወደ ትከሻዋ ሰደደች። ነጠላዋ አልተዘቀዘቀም። እንደ ሁልጊዜው ረስታለች። ወደ ግራዋ ዞር አለች፤ ደብሪቱ ወደምትቀመጥበት። ጎንበስ ብሎ የሚቆጣት የለም።

«ነጠላዬን አልዘቀዘቅሁትም» አለች። ድምፁ የሙሾ አልነበረም፤ ሰው ቤቱ ውስጥ የሚናገርበት ድምፅ ነው። «ደብሪቱ፣ ሠርግ መስሎኝ ነው የመጣሁት። ተቆጪኝ እንጂ።»

ከዚያ አለቀሰች። ዜማ የለው፣ ቤት አይመታ፤ አፍንጫዋ እየፈሰሰ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። መቀበል የሚያውቁት ሴቶች ምን እንደሚቀበሉ ግራ ገባቸው። በመጨረሻ አንዷ «ክርስትና ልጄን አቅፋ አንድ ሌሊት ሙሉ አድራለች» አለች። ሌላዋ «ጨው ስትበደር ሁልጊዜ አብልጣ ነው የምትመልሰው» አለች። የባጃጁ ነጂ፣ ቅድም የሳቀው፣ «እኔን ቀርፋፋው ነበር የምትለኝ» ብሎ ፊቱን በካኒቴራው ሸፈነ። የተባለው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ነገር ነበር። ማንም በሬ አልጠራም።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ይርዳው የድንኳኑን ካስማ ነቀለ። ማንም አላዘዘውም። ሰዉ ድንኳኑን ጠቅልሎ ተሸከመ፣ አግዳሚዎቹን አነሳ፤ በካኒቴራና በላስቲክ ጫማ፣ በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ልብሱ፣ ወደ ኮረብታው ወጣ። በሩ ላይ ዘበኛው «የእጃችሁን ውሰዱ እንጂ» ቢል የሰማው የለም። ዘውገ ፊት ፊት እየሄደ ይነፋል። አዲሱ ሰፈር ሲደርስ በአሥራ ሁለቱ ብሎክ መስኮቶች ሰው ብቅ ብቅ አለ፤ ከዚያም ወደ ታች ወረደ። ይህ ድምፅ በዚያ ሰፈር ተሰምቶ አያውቅም። ብሎክ ዘጠኝ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ፀጉር አስተካካይ ከወንበሩ ተነሳ።

ብሎክ አራት ደጅ ሲደርስ ዘውገ ጡሩምባውን ዝቅ አደረገ።

ነጂ የሌለው የቀብር ተሽከርካሪ በስድስት ሰዓት መጥቶ ለአንድ ሰው ተብሎ የተሠራውን መንገድ በሦስት መቶ ሰው ተዘግቶ አገኘው። ለቅሶው አልቆ ሰዉ እስኪያስረክበው ሁለት ሰዓት ቆሞ ጠበቀ። እንዲህ ያለ ነገር ስላልተነገረው ሌላ የሚያደርገው አልነበረውም። ሰባት ሰዓት ላይ በአሮጌው ከተማ ባዶው ሣጥን መጮኽ ጀመረ፤ እስኪጨልም ድረስ የሚዘጋው ሰው አልተገኘም።

ዘውገ ለስድስት ወር ታገደ። ሕሊና በሪፖርቷ የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ጻፈች፤ ከሥሩም «እኔም ለቅሶው ላይ ነበርኩ» ብላ ጨመረች። እሷም ማስጠንቀቂያ ደረሳት።

በሳምንቱ ሕሊና ብሎክ አራት ድረስ መጣች። ዘውገ በኮሪደሩ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቱ ያለው በር ተዘግቷል።

«የጎብኚ አስተያየት መጥቷል» አለችው። «ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ ዝቅ ያለ ነጥብ አግኝተን አናውቅም። ላንብብልዎት?»

«አንብቢው።»

«‹ፕሮግራሙ የተዘበራረቀ ነው። አልቃሿ ግጥሟን ረስታ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ሠራተኞቹ እኛን ትተው ድንኳኑን ተሸክመው ሄዱ። ንፍሮ አልደረሰንም። ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሞተ እንኳ ያስረዳን ሰው የለም።›»

ዘውገ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። «ድገሚልኝ እስቲ» አላት።

ደገመችለት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ።

«ለቅሬታ በአሥር ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለብኝ» አለች ሕሊና። «እኔ ምን ልበላቸው ጋሼ? ይቅርታ ልበላቸው?»

«ስለ ንፍሮው ይቅርታ በያቸው።» ከወንበሩ ቀና ብሎ የተዘጋውን በር አየ። «ለሌላው ግን፣ ደብሪቱ ትባላለች በያቸው። ደብሪቱ አስፋ።»

ሕሊና እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጻፈችው።